ብዙ አካላትን የሚነካ የማይቶኮንድሪያ ሕመም፦ ምርመራው ከየት ይጀመር፣ ናሙናውስ ከየት ይወሰድ?

የዐይን ቆቡ የወደቀ፣ ስኳር ያለበት፣ ጆሮው የደከመና የልቡ ምት የተዛባ ሰው ብዙውን ጊዜ በአራት ክፍል አራት ካርድ አለው። የዐይን ሐኪሙ ቆቡን ያያል፣ የስኳር ሐኪሙ መድኃኒት ያስተካክላል፣ የጆሮ ሐኪሙ ማዳመጫ ያዛል፣ የልብ ሐኪሙ ኢሲጂ ያነሳል። ሁሉም በየፊናው ልክ ነው። አራቱን የሚያያይዘው የማይቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ሕመም ለዓመታት ተደብቆ የሚኖረው አራቱን ካርድ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ሰው ሲታጣ ነው።

ካርዶቹ ከተዘረጉ በኋላም ሌላ ወጥመድ ይጠብቃል። ጥርጣሬው ልክ ሆኖ፣ የታዘዘውም ምርመራ ልክ ሆኖ፣ ናሙናው ከማይሆን ቦታ ስለተወሰደ ወይም በአያያዝ ስለተበላሸ ብቻ «የለበትም» የሚል ወረቀት ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ለሐኪሞች፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ጉዳዩን በቅርብ ለሚከታተሉ ቤተሰቦች የተጻፈ ሲሆን፣ ናሙና እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚያዝና የመጣው ውጤት ምን ያህል እንደሚታመን ላይ ይቆያል።

ሁለት ዲኤንኤ፣ አንድ ሞተር

ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ 16,569 ጥንድ ቤዝ ያለው ትንሽ ቀለበት ነው። በላዩ 37 ጂኖች ተቀምጠዋል። 13ቱ ኃይል የሚያመነጩ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ፣ 22ቱ አጓጓዥ አርኤንኤ፣ 2ቱ ራይቦሶማል አርኤንኤ ናቸው። ማይቶኮንድሪያው የሚያስፈልገው የቀረው ከ1,000 በላይ ፕሮቲን በሙሉ የሚታዘዘው ከሕዋሱ ኒውክሊየስ ነው። ስለዚህ «የማይቶኮንድሪያ በሽታ ከእናት ብቻ ይወረሳል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በቀለበቱ ላይ ያለ ስህተት ሲወረስ ከእናት ይመጣል፤ የኒውክሊየስ ጂን ስህተት ግን እንደ ማንኛውም የዘር ውርስ ከሁለቱም ወላጆች ሊመጣ ይችላል። በልጅነት የሚጀምሩት አብዛኞቹ ከኒውክሊየስ የሚመነጩ ናቸው።

ሌላው መያዝ ያለበት ነገር ቅይጥ መጠን ነው፤ ባለሙያዎች ሄትሮፕላስሚ ይሉታል። አንድ ሕዋስ ከመቶ እስከ ብዙ ሺህ የሚደርስ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቅጂ አለው። ጤነኛውና የተለወጠው ተደባልቀው ይኖራሉ። የተለወጠው ድርሻ አንድ ወሰን ሲያልፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 በመቶ ባለው ውስጥ፣ አካሉ መቸገር ይጀምራል። ይህ ድርሻ በደም፣ በሽንት ቱቦ ሕዋሳት፣ በጡንቻና በአንጎል እኩል አይደለም። የናሙና ምርጫ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መቼ ይጠርጠር

ብዙ ኃይል የሚበሉ አካላት ቀድመው ይሰማሉ፦ አንጎል፣ ጡንቻ፣ ልብ፣ ዐይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ቆሽት። አንድ አካል ብቻ ሲታመም ሌላ ምክንያት መፈለግ ይቀድማል። በማይገናኙ ሁለት ወይም ሦስት አካላት ላይ እየባሰ የሚሄድ ችግር ሲታይ ግን ጥርጣሬው ቦታ ያገኛል።

አንዳንድ ጥምረቶች ስማቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስኳርና የመስማት መቀነስ አብረው፣ በተለይ በእናት በኩል ባሉ ዘመዶች ላይ፣ ከታዩ በቀለበቱ 3243 ቦታ ላይ ኤ የተባለው ፊደል ወደ ጂ የተለወጠበትን ስህተት ያስቡ። ከ40 ዓመት በፊት ስትሮክ የሚመስል ጥቃት ከሚጥል በሽታ፣ ከከባድ ራስ ምታትና ከማስመለስ ጋር ከመጣ ሜላስ ይባላል፤ ከታማሚዎቹ 80 በመቶ አካባቢው ላይ ያው የ3243 ለውጥ ይገኛል። ከ20 ዓመት በፊት የዐይን ቆብ መውደቅ፣ የዐይን እንቅስቃሴ መቆምና የሬቲና ቀለም መዛባት ታይቶ፣ በላዩ የልብ ኤሌክትሪክ መታገድ፣ ሚዛን መሳት ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር ያለፈ ፕሮቲን ከተጨመረ ከርንስ-ሴየር ነው። ጡንቻ የሚያስደነግጥ የሚጥል በሽታ፣ ሚዛን መሳትና አንገት አካባቢ የስብ ዕጢዎች አብረው ካሉ ወደ 8344 ቦታ ይሂዱ። ክብደቱ ያለምክንያት እያለቀ፣ አንጀቱ እየተዘጋ፣ ዐይን ቆቡ እየወደቀ ያለ ወጣት «የአንጀት በሽታ» ተብሎ ተደጋግሞ ሊቀደድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ታካሚ ቢላዋ ከመንካቱ በፊት በደሙ ውስጥ ያለው ታይሚዲን (ከዲኤንኤ መሥሪያዎች አንዱ) ይለካ። ሚንጊ (MNGIE) የሚባለው ይህ የአንጀትና የዐይን ጡንቻ ሕመም በእርግጥ ካለ ከ3 ማይክሮሞል በሊትር በላይ ይወጣል፣ በጤነኛ ሰው ግን ከነጭራሹ አይታይም ማለት ይቻላል።

ሕፃናት ግን እንዲህ በጥምረት አይመጡም። ሰውነቱ የላላ፣ ጡት በደንብ የማይጠባ፣ ያገኘውን የዕድገት ደረጃ ከጉንፋን ወይም ከትኩሳት በኋላ የሚያጣ ሕፃን ነው የሚያጋጥመው። ከኢንፌክሽን በኋላ ወደኋላ መመለስ በእናቶች አፍ «ከታመመ ወዲህ መቀመጥ ተወ» ተብሎ ይነገራል። ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ካርዱ ላይ ይጻፉት።

የቤተሰቡን ዛፍ ይሳሉ

ሦስት ትውልድ በወረቀት ይሳል። «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም አለ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያመጣም፤ መልሱ «የለም» ነው። በእናት መስመር ያሉትን አንድ በአንድ እየጠሩ ይጠይቁ፦ አክስት የመስማት ችግር አለባት? አጎት ስኳር ይዞታል? በስንት ዓመቱ? ክብደቱስ? ቁመቷ ከእህቶቿ ያነሰች አለች? በማይግሬን የምትሰቃይ? በወጣትነት በድንገት የሞተ? ተደጋጋሚ የፅንስ መጨንገፍ ወይም የጨቅላ ሞት? ብዙዎቹ አንድ ትንሽ ምልክት ብቻ ይዘው ሳይታወቁ የሚኖሩ ናቸው።

አባት ለልጁ ያወረሰው ከሆነ የማይቶኮንድሪያው ቀለበት ከዝርዝሩ ይወጣል፤ የኒውክሊየስ ጂኖች ይፈተሹ። ወላጆች ዘመዳሞች ከሆኑ ከሁለቱም ወገን የሚመጣ ውርስ ይቅደም። የቤተሰብ ታሪክ ጨርሶ አለመኖሩም በሽታውን አያስቀርም፤ ከርንስ-ሴየርንና ፒርሰንን (የሕፃናት የአጥንት መቅኔና የቆሽት ሕመም) የሚያመጣው ትልቁ የዲኤንኤ ቁራጭ መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ብቻ በአዲስ የሚፈጠር ነው።

ላክቴት፦ ቀላል መስሎ የሚያሳስት

የመጀመሪያው ዙር የደምና የሽንት ምርመራ ብዙ አይደለም፦ የተሟላ የደም ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ ሲኬ (የጡንቻ ኢንዛይም)፣ የስኳር መጠንና ኤችቢኤ1ሲ (የወራት የስኳር አማካይ)፣ ላክቴት (ስኳር ያለ ኦክስጅን ሲፈርስ የሚወጣ ውጤት)፣ የደም አሚኖ አሲድ፣ ኤሲልካርኒቲን፣ የሽንት ኦርጋኒክ አሲድ። ከእነዚህ ሁሉ የሚያሳስተው ላክቴት ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ እንቆይ።

እያለቀሰ፣ እየተንፈራገጠ፣ ክንዱ በላስቲክ ታስሮ ከተወጋ ልጅ የተወሰደ ላክቴት የልጁን ትግል ነው የሚለካው። ሲቻል መርፌው ቀድሞ ይገባና ልጁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እናቱ እቅፍ ይረፍ። ከዚያ ላስቲክ ሳይታሰር፣ መዳፉን ጨብጥ ፍታ ሳይባል፣ የመጀመሪያው ጥቂት ደም ተጥሎ የሚቀጥለው ይወሰድ። ቱቦው ፍሎራይድና ኦክሳሌት ያለበት ግራጫ ክዳን ይሁን፤ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገልበጥ፤ ወዲያው በረዶ ውስጥ ገብቶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ ፕላዝማው ይለይ። በረዶው የሚያስፈልገው ፍሎራይዱ ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ስለሆነ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት በዚያ መሃል ስኳር እያፈረሱ ላክቴት ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ቱቦው ያለበረዶ መደርደሪያ ላይ ከቆየ የሚመጣው ቁጥር በጥንቃቄ ይታይ።

በእረፍት ጊዜ ከ2 ሚሊሞል በሊትር በታች መሆን የተለመደ ነው። በተደጋጋሚ፣ በደንብ በተወሰደ ናሙና ከ3 በላይ ከሆነ ትርጉም አለው። ግን ኢንፌክሽን፣ ድንጋጤ፣ የጉበት መድከም፣ የታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) እጥረት፣ በቅርቡ የመጣ የሚጥል ጥቃትና ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። በተቃራኒው ላክቴቱ ልክ የሆነ ብዙ ታማሚ አለ፤ በተለይ የዐይን ጡንቻ ብቻ ያመማቸውና የፖልጂ (የማይቶኮንድሪያውን ዲኤንኤ የሚቀዳው የኒውክሊየስ ጂን) ችግር ያለባቸው። ልክ የሆነ ላክቴት ጥርጣሬን አይዘጋም።

እዚህ ላይ የሚረዳው አላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው። ላክቴት ሲከማች ፓይሩቬትም ይከማቻል፤ ከፓይሩቬቱ ከፊሉ ወደ አላኒን ይቀየራል። ይህ ቀስ ብሎ የሚሆን ስለሆነ የአምስት ደቂቃ ለቅሶ አያወጣውም። ከ450 ማይክሮሞል በሊትር በላይ የሆነ አላኒን ላክቴቱ ልጁ ከመወጋቱ በፊትም ከፍ ብሎ እንደነበር ይመሰክራል። የላክቴትና የፓይሩቬት ንጽጽርም ይጠቅማል፦ ላክቴት ከፍ ባለበት ጊዜ ንጽጽሩ ከ25 ካለፈ ችግሩ በማይቶኮንድሪያው ውስጥ ኃይል በሚያመነጨው የኤሌክትሮን ሰንሰለት ላይ ነው፤ ከ20 በታች ከሆነ ፓይሩቬትን በሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ ፓይሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ፣ ላይ ያመለክታል። ፓይሩቬት ግን በደቂቃዎች የሚፈርስ ነገር ነው። ደሙ እዚያው አልጋው አጠገብ ፐርክሎሪክ አሲድ ያለበት ቱቦ ውስጥ ካልገባ ንጽጽሩን አይሥሩት። ላክቴቱ ልክ ሆኖ ንጽጽሩ ብቻ ከፍ ካለም ትርጉም የለውም።

ጂዲኤፍ15 የሚባለው የደም ምልክት ከላክቴት የተሻለ ለይቶ ያሳያል፤ በተለይ ቁራጭ ዲኤንኤ ለጠፋባቸውና የማይቶኮንድሪያ ፕሮቲን ሥራ ለተበላሸባቸው። ሆኖም የኩላሊትና የጉበት ሕመም፣ ካንሰር፣ የልብ ድካም፣ እርግዝናና ሜትፎርሚንም ከፍ ያደርጉታል። ለማጣራት እንጂ ለማረጋገጥ አይሆንም።

የሽንት ኦርጋኒክ አሲድ ሲታዘዝ የተሻለው ልጁ በታመመበት ቀን የተገኘው ሽንት ነው፤ በደህናው ቀን ንጹህ ሆኖ የሚወጣ አለ። ፉማሬትና ማሌት፣ 3-ሜቲልግሉታኮኒክ አሲድ ወይም መጠነኛ ሜቲልማሎኒክ አሲድ ከታየ እያንዳንዳቸው ወደተለየ የጂን ቡድን ይመራሉና ውጤቱን «ትንሽ ከፍ ያለ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሌሎቹን አካላት ቁጠሩ

ታካሚው ያላማረረበትን አካል መፈተሽ ሁለት ጥቅም አለው፦ ጥርጣሬውን ያጠነክራል፣ ሕይወትም ያድናል። ኢሲጂ መጀመሪያ ይነሳ። በከርንስ-ሴየር የልብ ኤሌክትሪክ መታገድ በድንገት ወደ ሙሉ እገዳ ሊዞር ስለሚችል ለውጥ ከታየ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መትከል ቶሎ ይመከራል፤ ምንም ባይታይም በየስድስት ወሩ እስከ አንድ ዓመቱ ይደገማል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የልብ ጡንቻ መወፈርን ያሳያል። የመስማት ምርመራ በመሣሪያ ይሁን፤ «ይሰማኛል» ማለት አይበቃም። ሬቲና በሰፋ ብሌን ይታይ። ሽንት ውስጥ ስኳር ታይቶ የደም ስኳር ልክ ከሆነ ኩላሊቱ እያፈሰሰ ነውና ፎስፌት፣ ባይካርቦኔትና የሽንት አሚኖ አሲድ ይጨመሩ። ካልሲየም፣ ፓራታይሮይድና የጠዋት ኮርቲዞል ብዙ ጊዜ ይረሳሉ።

የአንጎል ኤምአርአይ ላይ ሁለት መልክ ይፈለጋል። የመጀመሪያው በሁለቱም በኩል እኩል የሆነ ጉዳት በአንጎል ግንድና በመሃል የአንጎል እምብርቶች ላይ ነው፤ ይህ የሊ ሲንድሮም መልክ ነው። ሁለተኛው በአንጎል የኋላና የጎን ክፍል ላይ የሚታይ፣ የአንድ የደም ቧንቧ ግዛት ብቻ የማይከተል፣ በሳምንታት ውስጥ ወደ ጎን የሚስፋፋ ቁስል ነው። ራዲዮሎጂስቱ «ስትሮክ» ብሎ ሲጽፍ የቁስሉ ድንበር ከደም ቧንቧው ግዛት ጋር ይገጥም እንደሆነ መልሰው ይጠይቁት። ስፔክትሮስኮፒ (በኤምአርአይ የአንጎልን ኬሚካሎች የሚለካ ዘዴ) ካለ 1.3 ፒፒኤም ላይ የሚወጣ ጥንድ ጫፍ ላክቴት ነው። የአንጎል እምብርቶች ኖራ መያዝ ደግሞ ከኤምአርአይ ይልቅ በሲቲ ይጎላል።

የአከርካሪ ፈሳሽ ከተወሰደ ላክቴትና ፕሮቲን ብቻ አይበቃም፤ በከርንስ-ሴየር 5-ሜቲልቴትራሃይድሮፎሌት ዝቅ ይላል፣ ይህም በፎሊኒክ አሲድ የሚታከም ጉድለት ነው።

ዘረመል፦ ደም ሁልጊዜ አይበቃም

በአሁኑ ጊዜ የጡንቻ ናሙና ቀዳሚ ምርመራ መሆኑ ቀርቷል። ልጅ ከሆነና የታወቀ ጥምረት ከሌለ፣ ከልጁና ከሁለቱ ወላጆች ደም ኤግዞም (ፕሮቲን የሚሠሩት የዲኤንኤ ክፍሎች ንባብ) ወይም ጂኖም (የሙሉው ዲኤንኤ ንባብ) ይሠራ፤ ጎን ለጎን የማይቶኮንድሪያው ቀለበት ሙሉ በሙሉ ይነበብ። ኤግዞም ብቻውን ቀለበቱን በበቂ ሁኔታ ያነባል ብሎ መተማመን አይገባም፤ የታዘዘበት ወረቀት ላይ በተለይ ይጠየቅ። ቀለበቱን ብዙ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ የሚያነብ ዘዴ ዝቅተኛ ቅይጥ መጠንን ይይዛል፤ ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ ያነበበ ግን ሊስተው ይችላል።

የአዋቂ ታካሚ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የ3243 ለውጥ ከደም ውስጥ በዕድሜ እየጠፋ ይሄዳል። ወጣት ላይ 40 በመቶ የነበረው በ60 ዓመት ላይ በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ለማስተካከል የሚያገለግል ስሌት አለ፦ በደም የተገኘውን መጠን ለ0.977፣ ዕድሜና 12 ተደምረው በሚመጣው ቁጥር ያህል በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ማካፈል። የ40 ዓመት ሰው ደም ውስጥ 10 በመቶ ቢገኝ፣ 0.977 በራሱ 52 ጊዜ ሲባዛ 0.298 ይሆናል፤ 10 ለ0.298 ሲካፈል ወደ 34 በመቶ ይጠጋል። በወረቀት ላይ «አነስተኛ» የተባለው ውጤት አነስተኛ እንዳልነበር በዚህ ይገለጣል።

ከደም የተሻለው ለዚህ ለውጥ ሽንት ነው። የሚነበበው በሽንት ውስጥ የረገፉት የቱቦ ሕዋሳት ናቸው፤ ስለዚህ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት፣ 50 ሚሊሊትር ያህል፣ ንጹህ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ይድረስ። ሲቆይ ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ። ለተራ የሽንት ምርመራ የሚሰጠው ትንሽ ዕቃ ሲላክ «በቂ ዲኤንኤ አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ይህም «የለበትም» ማለት አይደለም።

ትልቅ ቁራጭ የጠፋበት ዲኤንኤ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በሕፃንነት በፒርሰን ደም ውስጥ ይሞላል፤ አጥንት መቅኔ ውስጥ የሚከፋፈሉት ሕዋሳት እየተከላከሉ በዕድሜ ያጠፉታል። አዋቂ ላይ ደም ንጹህ ሆኖ ጡንቻ የተሞላ ይሆናል። ስለዚህ የዐይን ቆቡ የወደቀ አዋቂ በደም ምርመራ ብቻ አይሰናበት፤ ጡንቻ ያስፈልገዋል። ብዙ የተለያዩ ቁርጥራጮች ከታዩ ደግሞ ቀለበቱን የሚቀዱትና የሚጠግኑት የኒውክሊየስ ጂኖች፣ ፖልጂ ግንባር ቀደም ሆኖ፣ ይፈተሹ።

የመጣ ለውጥ ሁሉ በሽታ አይደለም። እያንዳንዱ የሰው ዘር መስመር የራሱ የቀለበት ልዩነቶች አሉት፤ በመረጃ ቋቶች ውስጥ አንዳንድ ሕዝቦች በደንብ ስላልተወከሉ ጤናማ ልዩነት «አዲስ ለውጥ» ተብሎ ይወጣል። በሁሉም ቅጂ ላይ ያለና ጤነኛ እናት ላይም እንዲሁ በሙሉ የተገኘ ለውጥ በጥንቃቄ ይታይ። ጥቂት ሐሰተኛ ውጤቶችም ከኒውክሊየስ ውስጥ ከተሸጎጡ የቀለበቱ አሮጌ ቅጂዎች ይመጣሉ፤ 1 ወይም 2 በመቶ የሚል ቁጥር ሲመጣ ይህን ያስቡ።

ጡንቻ ከተወሰደ በአግባቡ ይወሰድ

ዘረመሉ መልስ ካልሰጠ፣ ለውጡ ትርጉሙ ካልታወቀ ወይም የዲኤንኤ ቅጂ ማነስ ከተጠረጠረ ጡንቻ ይወሰዳል። የተለመደው ቦታ የጭን ውጫዊ ጎን ነው። የኢኤምጂ (የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ) መርፌ የገባበት ወይም መድኃኒት የተወጋበት ጡንቻ አይወሰድ። የአካባቢ ማደንዘዣው ቆዳ ላይ ይቁም፣ ጡንቻው ውስጥ አይግባ። ረጅም ጾም ይቀር፤ ልጁ ከቀዶ ጥገና በፊት ሲጾም ግሉኮስ ይንጠልጠልለት። ላክቴት ያለበት የሪንገር ፈሳሽ አይሰጥ። ኬቶጀኒክ አመጋገብ ላይ ያሉና ፓይሩቬት ዲሃይድሮጂኔዝ የጎደላቸው ግን ልዩ ናቸው፤ ግሉኮሱ ራሱ ላክቴት ያወጣባቸዋልና አስቀድሞ ይወሰን።

ቁራጩ ከወጣ በኋላ የሚጠፋው በደቂቃዎች ነው። በጨው ውሃ ውስጥ አይነከር፤ እምብዛም ባልረጠበ የቁስል ጨርቅ ይጠቅለል። የነከሩት ቁራጭ ሲቀዘቅዝ የበረዶ ክሪስታል ጡንቻውን ይበሳዋል፤ በማይክሮስኮፕ እንደ ወንፊት ይታያል። ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ደግሞ የኢንዛይም ሥራ ከነአካቴው ያበቃል። ዋናው ክፍል በፈሳሽ ናይትሮጅን በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን ውስጥ ገብቶ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይቀዝቅዝ፤ አይሶፔንቴኑ መዘጋጀቱ የሚታወቀው በዕቃው ውስጥ ከታች ነጭ ጠጣር መታየት ሲጀምር ነው። በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ቢጣል ዙሪያውን የጋዝ ጉፍታ ይሠራና ቅዝቃዜው ይዘገያል። ሌላ ትንሽ ቁራጭ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግሉታራልዲሃይድ ውስጥ ይግባ። የቀረው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ፣ ማለትም −80 ላይ፣ ለኢንዛይምና ለዲኤንኤ ይቀመጥ፤ ለኢንዛይም ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ይያዝ።

በጎሞሪ ትራይክሮም ቀለም ጠርዛቸው ቀይ ሆኖ የተንቦጫረቀ የጡንቻ ጭረቶች ከታዩ የተከማቸ ማይቶኮንድሪያ ነው። በኮክስና ኤስዲኤች (ሁለት የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች) ጥምር ቀለም ጤነኛው ቡናማ ሲሆን፣ ኮክስ ያጣው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው ኮክስ ያጡ ጭረቶች ከ2 በመቶ ካለፉ፣ ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ከ5 በመቶ ካለፉ ያልተለመደ ነው፤ ዕድሜ ራሱ ጥቂቶቹን ያመጣልና። ልጆች ላይ ሁለቱም ላይታዩ ይችላሉ፤ ንጹህ መልክ ያለው የልጅ ጡንቻ በሽታውን አያስቀርም። በ3243 ለውጥ ደግሞ ቀይ ጠርዝ ያላቸው ጭረቶች ቡናማ ሆነው መቅረት ይችላሉ።

ኢንዛይሙ ሲነበብ በሳይትሬት ሲንቴዝ ተከፍሎ ይታይ፤ ይህ የማይቶኮንድሪያውን ብዛት ያስተካክላል። ሁሉም፣ ሳይትሬት ሲንቴዙም ጭምር፣ ከወረዱ ናሙናው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መደበኛ የሆነ በሽታ እንዲህ አይመስልም። ከኤሌክትሮን ሰንሰለቱ ክፍሎች (ኮምፕሌክስ) 1፣ 3 እና 4 ወርደው 2ኛው ልክ ከሆነ ግን ትርጉም ያለው መልክ ነው፦ 2ኛው ሙሉ በሙሉ በኒውክሊየስ የሚሠራ በመሆኑ ስህተቱ ቀለበቱ ላይ፣ በቅጂው ቁጥር ወይም በፕሮቲን አሠራሩ ላይ ነው። ለየብቻ ሲለኩ ልክ ሆነው 1 እና 3 ተያይዘው፣ 2 እና 3 ተያይዘው ሲለኩ ከወረዱ በመካከላቸው የሚመላለሰው ኮኤንዛይም ኪው10 ጎድሏል። ይህን ቶሎ መለየት ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ አለ።

በቅጂ ቁጥር ማነስ የሚጠረጠር ሕፃን ጉበቱ ታሞ ከሆነ ጡንቻው ልክ ሊሆን ይችላል። የታመመው አካል ይመርመር፤ በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ጤነኞች አማካይ ከ30 በመቶ በታች ያለ ቅጂ ይህን ሕመም ያመለክታል።

መልክ የሚጋሩ ሌሎች

ሲታከሙ የሚድኑ ስላሉ ይህ ክፍል አይዘለል። የሊ መልክ ያለው ኤምአርአይ ሲታይ ውጤት ሳይጠበቅ ባዮቲን ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በኪሎ በቀን እና ታያሚን እስከ 40 ሚሊግራም በኪሎ በቀን ይጀመር። የታያሚን አጓጓዥ ጂን የተበላሸበት ልጅ በዚህ ሊነሳ ይችላል፤ ካልሆነም ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የባዮቲኒዴዝ መጠን ግን ባዮቲኑ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ።

የዐይን ቆብ መውደቅ ከምሽቱ የሚብስ፣ ድርብ የሚያሳይና የሚለዋወጥ ከሆነ ማያስቴኒያ ግራቪስ ይፈተሽ። ሚዛን መሳት፣ የልብ ጡንቻ መወፈርና ስኳር ያለበት ወጣት የፍሪድራይክ አታክሲያ ሊኖረው ይችላል። ይህ ሕመም በተደጋጋሚ ፊደል መርዘም የሚመጣ በመሆኑ ተራ ኤግዞም አያየውም፤ ለብቻው ይታዘዝ። ጉበትና አንጎል አብረው ሲታመሙ መዳብ ይለካ። ልጆች ላይ የትራንስፌሪን ምርመራና ረጅም ሰንሰለት ያላቸው የስብ አሲዶች አይረሱ። የዚዶቩዲን፣ የስታቩዲንና የሊኔዞሊድ ታሪክ ደግሞ በመድኃኒት የተጎዳ ማይቶኮንድሪያን ያጋልጣል።

ውጤት እስኪመጣ

የሚጥል በሽታ ያለበት ታካሚ የፖልጂ ጂን እስኪጣራ ቫልፕሮኤት አይሰጥ፤ ጉበትን በሳምንታት ሊያጠፋ ይችላል። የመስማት ችግር ታሪክ ባለበት ቤተሰብ ጄንታማይሲንና መሰሎቹ ሌላ አማራጭ እያለ አይመረጡ፤ 1555 ቦታ ላይ ያለው ለውጥ ካለ በትንሽ መጠንም ጆሮ ሊያደነቁሩ ይችላሉ። ትኩሳትና ማስመለስ ሲመጣ ጾም አይራዘም።

ውጤቱ እንዴት ይጻፍ

የመጨረሻው ወረቀት ላይ አራት ነገር ይታይ፦ የተመረመረው ሕብረ ሕዋስ፣ የለውጡ ቦታ፣ የቅይጡ መጠን በመቶኛ፣ ምን ያህል ዝቅተኛ መጠን ድረስ መያዝ እንደሚችል። «ሜላስ ፖዘቲቭ» የሚል አጭር ወረቀት ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይናገርም። ለእናትየዋ ሽንት ይወሰድ፤ እህትና ወንድሞች ምልክት ከሌላቸው ከምክክር በኋላ ብቻ ይመርመሩ፤ ሕፃናት ደግሞ ውጤቱ ሕክምናን ወይም ክትትልን የማይለውጥ ከሆነ ይጠብቁ። የተለወጠው መጠን ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በሰፊው ይዘላልና፣ በእህቱ መጠን ተመርኩዞ የሚወለደውን ልጅ ዕጣ መተንበይ አይቻልም። ምንም ካልተገኘ ዲኤንኤውና የቀዘቀዘው ጡንቻ አይጣሉ፤ የተነበበው ኤግዞም በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ድጋሚ ይተንተን፤ ያኔ ያልታወቀ የነበረ ጂን ዛሬ ስም ሊኖረው ይችላል።